ነጠላዬን ዘቅዝቄ በብስክሌት

አንዲት እናት በእኔ ምክንያት ለጥቂት ከሞት ተርፈዋል። አልገጨኋቸውም። ብስክሌቴ ደጃቸው ላይ ስትቆም በእሷና በእሳቸው መካከል ስድስት እርምጃ ነበር፤ በኋላ ተመልሼ ለክቼዋለሁ። እማማ ዘነበች ይባላሉ። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ታምራት። ዲማ ወርቅ ቁፋሮ ከወረደ ወዲህ ድምፁን ሳይሰሙ ስምንት ወር አልፏቸው ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት እኔ ይህን አላውቅም። እሳቸውንም፣ ልጃቸውንም፣ ደጃቸውንም አላውቅም። የማውቀው ሰው የማያናግረኝ መንገድ እንደምፈልግ ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው በፈረንሳይ ነው። ፈረንሳይን ያየሁት በወረቀት ነው። የምሠራው አማን ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ በእርዳታ ከመጡ መጻሕፍት ሥር ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሔት አገኘሁ። አንድ ሽበታም ሰውዬ በፈረንሳይ ገጠር በብስክሌት ይሄዳል። መንገዱ አስፋልት አይደለም፤ ጠጠር ነው። መኪና አይደርስበትም። ግራና ቀኙ የወይን ተክል፣ አልፎ አልፎ የድንጋይ ቤት፣ ከዚያ በላይ ሰማይ። መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰውዬው አራት ቀን ሙሉ ሲጓዝ አንድም ሰው “ወዴት ነህ?” አላለውም! ይህን ያነበብኩ ለት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እዚህ እኮ ከቤቴ ወጥቼ ዳቦ ቤት እስክደርስ ድረስ ወዴት እንደምሄድ፣ ለምን ብቻዬን እንደምሄድ፣ ለምን እንደከሳሁ፣ ወይም ለምን እንደወፈርኩ አስረድቼ ነው የምደርሰው። መልሱን የሚጠብቅ ግን የለም። እኔ ደግሞ ጥያቄ ከተጠየቅሁ በትክክል ካልመለስኩ አይሆንልኝም። “ደኅና ነሽ?” ላለኝ ሰው ስለ ጉልበቴ ስነግረው ዳቦው ያልቃል።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ መሆኑን ልናገር፤ ለነገሩ ያስፈልጋል። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ስገባ አጠገቤ የነበረችው ሕፃን ብድግ ብላ ወንበር ለቀቀችልኝና “የማን እናት ኖት?” አለችኝ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ችግር አለበት፤ የታተመ ነገር ሁሉ ትእዛዝ ይመስለዋል። እናም ሰውዬው ጎህ ሳይቀድ መነሣት ጥሩ ነው ስላለ፣ እኔም ጎህ ሳይቀድ መነሣት እንዳለብኝ ወሰንኩ። ብስክሌቷን ያገኘሁት ወደ ጌጫ ከተዛወረ የጂኦግራፊ መምህር ነው። (“ሳይክል” የሚሉ አሉ። ብስክሌት ነው።) ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ፣ ተማሪ በሌለበት በቅዳሜ ከሰዓት፣ ስወድቅ ስነሣ ሁለት ወር ተማርኩ። አንድ ጉድለት አላት፤ ፍሬኗ ሲያዝ ረጅም፣ የሚንቀጠቀጥ ሙሾ ታወጣለች። ዘይት ሞከርኩ፣ ሳሙና ሞከርኩ። ሐዘኗን የሚያስተዋት ነገር አልተገኘም።

መንገድ መምረጡ ቀላል ነበር። ወደ ቴፒ የሚወስደው አስፋልት ከመዘርጋቱ በፊት መኪናው ሁሉ የሚሄድበት አሮጌ ፒስታ፣ የጠጠር መንገድ፣ አለ። በቡናው ጫካ ውስጥ ለውስጥ ይታጠፋል። አስፋልቱ ከመጣ ወዲህ መኪና ረስቶታል፤ አሁን የሚመላለስበት እግረኛና ቡና የተጫነ በቅሎ ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ወጣሁ። የብስክሌቷ ቅባት፣ ግራሶው፣ እንዳያስታውቅብኝ ጥቁር ሹራብና ጥቁር ቀሚስ፣ ከሥር ሱሪ ለበስኩ። ብርዱ ከባድ ስለነበረ ነጠላ ደረብኩ። እዚህ ላይ አሰብኩ፤ ማሰቤን አልክድም። የነጠላዬ ጥለት ሰፊ ነው፣ እንደ ወትሮው ወደ ታች ከሆነ ጎማው ውስጥ ይገባል፣ ከገባም በግራሶ ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ዘቀዘቅሁት። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ አንገቴ ላይ ጠቀለልኩት። በጣም ብልህ ሆኜ ተሰማኝ።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ልክ እንደ መጽሔቱ ነበር። ጎማዬ ጠጠሩን ያንኮሻኩሻል፤ ሌላ ድምፅ የለም። ጉሙ ከቡናው ሥር ተነሥቶ መንገዱን በጉልበት ልክ ይዞታል፤ እግሬን አላየውም፣ ብስክሌቷንም አላያት፣ እንዲሁ አየር ላይ ተቀምጬ የምንሸራተት ነበር የምመስለው። ከላይ የቀረሮው ዛፍ ሰማዩን ደፍኖታል። በየዛፉ አንጓ ቀፎ ተሰቅሏል፤ ረጅም፣ ክብ፣ በሣር የተጠቀለለ። ቀፎ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ጎህ ሳይቀድ፣ በጉም ውስጥ፣ ከራስ በላይ የተጋደመ ረጅም የተጠቀለለ ነገር ስታዩ፣ አእምሮ መጀመሪያ የሚለው ቀፎ አይደለም። አንድ ጉሬዛ ነጭ ካባውን አንጠልጥሎ ቁልቁል አየኝ። ጉሬዛ ሰው ሲያይ ይዘላል፣ ይጮኻል። ይሄኛው ዝም ብሎ አየኝ።

የመጀመሪያው ሰው አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ነበር። ከቡናው ውስጥ ወጥቶ መንገድ ዳር ቆመ። አሁን “ወዴት ነሽ?” ሊለኝ ነው አልኩ። ሰውዬው ግን ምንም አላለኝም። ባርኔጣውን አወለቀና ደረቱ ላይ ያዘው። አንገቱን ደፋ። አለፍኩት።

“ፈረንሳይ!” አልኩ በልቤ።

ቀጥሎ ሁለት ሴቶች ውኃ ቀድተው ይመጣሉ። ሲያዩኝ ጄሪካናቸውን መሬት አስቀመጡ። አልተነፈሱም። ቀጥሎ አንድ ቤት፤ ሬዲዮ ይዘፍናል፤ አጠገቡ ስደርስ ጸጥ አለ። ካለፍኩ በኋላም አልተከፈተም። ቀጥሎ ያለው ቤት ደጅ ላይ ውሻ ነበረ፤ አፉን ሲከፍት ከውስጥ እጅ ወጥቶ አፉን ያዘው። እጁን ብቻ ነው ያየሁት። በዚህ አገር፣ በዚህ መንገድ፣ አንዲት ሴት በብስክሌት ታልፋለች፤ የሚስቅ የለም፣ የሚጠይቅ የለም። ፈረንሳይም ቢሆን ይህን ያህል ዝም አይልም፤ ቢያንስ ውሻው ይጮኻል።

ደግሞም በየደጁ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ወደ ቤቱ ስቃረብ ሰዎቹ ይደርቃሉ። በሩን አልፌ አሥር እርምጃ ስሄድ ከኋላዬ ረጅም ትንፋሽ ይሰማል። የቀጣዩ ቤት ሰዎች ደግሞ ይደርቃሉ።

ያኔ ነው ከኋላዬ ኮቴ የሰማሁት።

ጠጠር ሐሜተኛ ነው፤ ማንም ተደብቆ አይሄድበትም። ቆምኩ። ፍሬኗ ሙሾዋን አወጣች። ኮቴውም ቆመ። ሄድኩ፤ ኮቴው ቀጠለ። ጅብ ነው አልኩና ራሴን አጽናናሁ፤ ጅብ ቢያንስ ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል። ዞር ብዬ ሳይ ጅብ አልነበረም። ሽማግሌው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ነው። ከጎኑ ውኃ የቀዱት ሴቶች ናቸው። ከእነሱ ኋላ በጉም ውስጥ ሌሎች አሉ፤ ወገባቸው እንጂ እግራቸው የማይታይ ሰባት፣ ስምንት ሰዎች፣ እጃቸውን አጣምረው።

“ደኅና አደራችሁ?” ልል አፌን ከፈትኩ። ዳገቱ ትንፋሼን ጨርሶት ስለነበር የወጣው ሲቃ ብቻ ነው። ብርዱ ዓይኔን ሲያስለቅሰው ስለቆየ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። ሴቶቹ ተያዩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

ሽማግሌው መጥቶ መሪውን በአንድ እጁ ያዘልኝ። በኋላ ስማቸው ጋሽ ኢሳያስ መሆኑን አወቅሁ።

“አይዞሽ፣ እህቴ። አትናገሪ። መንገድ ላይ አይነገርም።”

“ምኑ ነው የማይነገረው?”

“አውቃለሁ፣ ይከብዳል። ብቻሽን አንሰድሽም። ቤቱ ስንደርስ ይበቃል።”

“የትኛው ቤት?”

ጋሽ ኢሳያስ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። “እሱንማ የምታውቂው አንቺ ነሽ” አሉኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ። ከዚህ ሁሉ ሰው ማምለጫዬ ወደፊት ነው ብዬ በሙሉ ጉልበቴ ረገጥኩ። ሰዎቹም እርምጃቸውን አፈጠኑ። ኮቴው በዛ፤ ከየቤቱ እየወጡ ይቀላቀላሉ፤ አሥር፣ አሥራ አምስት፤ አንድም አይናገር። በቤንችኛ አንድ ቃል በሹክሹክታ ተነሥቶ ከፊት ወደ ኋላ ሲተላለፍ ሰማሁ። ከጎን ከእንሰቱ መካከል አንዲት ሴት መቀነቷን እያሰረች ወጣች። ወዴት ነው የምወስዳቸው? ወይስ እነሱ ናቸው የሚወስዱኝ? ተከትለውኝ ሳለ እንደሚነዱኝ ተሰማኝ።

መንገዱ ወደ ቀኝ ታጠፈ። አንድ ብቻውን የቆመ ቤት መጣ፣ ቆርቆሮው የዛገ። እዚያ ደጅ ላይ የብስክሌቷ ሰንሰለት፣ ካቴናዋ፣ ወለቀች።

የእኔ ጥፋት አልነበረም፤ ግን ማን ያምነኛል? ፍሬን ያዝኩ፤ ብስክሌቷ ከእስካሁኑ ሁሉ የረዘመውን ሙሾዋን አወጣች። ወረድኩ። ካቴና ለመመለስ መንበርከክ ግድ ነው፤ ተንበረከክሁ። እጄ በግራሶ ጠቆረ። ፊቴን በዚያው እጅ ጠረግሁ። ከኋላዬ ጠጠሩ ጸጥ አለ።

አንዲት ቀጭን እናት ከበሩ ወጡ። ጎደሬ እየላጡ ነበር፤ ቢላዋው በእጃቸው ነው። መጀመሪያ ነጠላዬን አዩ። ከዚያ ጥቁር እጄን። ከዚያ ከኋላዬ የቆመውን መንደር በሙሉ። ቢላዋው ከእጃቸው ወደቀ።

“ታምራት ነው?” አሉ።

“እኔ ታምራት የሚባል ሰው አላውቅም” አልኩ። እውነቴን ነበር።

“ስሙን እንኳ ሳይነግሯት ላኳት!” ብላ አንዲት ሴት ጮኸች። ለቅሶው ፈነዳ።

ያኔ ነው የገባኝ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ በአንድ ጊዜ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው መንገድ ላይ አይጠየቅም፤ ጎረቤት ግን ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማ ከኋላው ይከተላል። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ነጠላውን የሚዘቀዝቀው ደግሞ ሐዘን የደረሰበት ነው። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ስንት ለቅሶ ቤት ዘቅዝቄ ሄጃለሁ! የዚያን ዕለት ግን ግራሶውን እንጂ ሰውን አላሰብኩም።

እማማ ዘነበች መሬት ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። አፋቸው ተከፍቶ ትንፋሽ አልወጣ አላቸው፤ ከንፈራቸው ሲጠቁር አየሁ።

“አልሞተም!” ብዬ ጮህኩ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዲት ሴት እልል አለች። እማማ ዘነበች ተነፈሱ። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ደግ ነበር። ግን ያላረጋገጥኩትን መናገር አይሆንልኝም።

“ማለቴ፣ መሞቱን አላውቅም።”

እልልታው ተቋረጠ። አንዷ “ወየው!” አለች።

“መኖሩንም አላውቅም!” አልኩ ለማረጋጋት።

ለቅሶው እንደገና ተጀመረ።

“እህቴ!” አለችኝ መቀነቷን እያሰረች የመጣችው ሴት፤ አስካለች ትባላለች። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊቴ ቆመች። “ወይ ግደዪው፣ ወይ አድኚው፣ አንዱን ያዢ!”

“እኔ እሱን አላውቀውም። ከየትም አልተላክሁም። ለራሴ ነው የመጣሁት፤ በብስክሌት፣ ለመንሸራሸር።”

ጋሽ ኢሳያስ ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው ራሳቸው ላይ መለሱት። “ነጠላሽን ምን ዘቀዘቀው ታዲያ?”

“ጥለቱ ግራሶ እንዳይነካው።”

ከየአቅጣጫው አንገት ወደ ጥለቴ ተዘረጋ።

“ለመንሸራሸር” አለች አስካለች። “በዚህ ጠጠር?”

“ፈረንሳይ አገር እንዲህ ይደረጋል። መኪና በሌለበት መንገድ፣ በማለዳ፣ ሰው ሳያናግር…”

“እና እዚያ ሰው ሲሞት ማን ይናገራል?”

አላውቅም ነበር። መጽሔቱ አይልም። ሁለት ወጣቶች ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ ቡናው ገቡ። ጋሽ ኢሳያስ ዞረው ቆሙ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አስካለች “እኔ እኮ ቂጣዬን እሳት ላይ ትቼ ነው የመጣሁት!” ብላ ራሷን ያዘች። አንዱ ሌላውን “መጀመሪያ የተከተልከው አንተ ነህ” ይላል፤ ያም “ባርኔጣ ሲያወልቁ አይቼ ነው” ይላል።

እማማ ዘነበች ብቻ አልሳቁም። መሬት ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ጠጋ ብዬ ጫማቸው ሥር ተንበረከክሁ።

“እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጤናዎን አናጋሁት።”

“ስልክ አለሽ፣ ልጄ?”

“አለኝ።”

ከደረታቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ብዙ ጊዜ ተከፍቶ የታጠፈ፣ እጥፋቱ ላይ የተቀደደ። ስልክ ቁጥር ነው።

“አንድ ከዲማ የተመለሰ ሰው ሰጠኝ። የታምራት አዲሱ ቁጥር ነው አለኝ። ሁለት ወሩ ነው።”

“ሁለት ወር?” አለች አስካለች። “እማማ! ከእኛ ደብቀው?”

“ወረቀቱ በመጣ በሳምንቱ ጉድጓድ ተደረመሰ የሚል ወሬ ሰማሁ። ብደውልና ባይኖርስ? እስካልደወልኩ ድረስ ልጄ አለ።” ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው የጉሙ ዓይነት ነበር፤ ያያል፣ ግን ምን እንደሚያይ አይታወቅም። “ዛሬ ግን አንድ ጊዜ ሞቶብኛል። ሁለተኛው ከዚህ አይብስም። ደውይልኝ።”

ቤታቸው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ስለሆነ ኔትዎርክ የለም። የሚገኘው ከላይ፣ ከጉብታው ላይ ካለው ዋንዛ ሥር ነው። ወጣን። እማማ ዘነበችን እኔና አስካለች ደግፈናቸዋል፤ መንደሩ በሙሉ ከኋላ ይከተላል። ማንም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ሳቁ መንገድ ላይ አለቀ። የሚሰማው ኮቴና የእማማ ዘነበች ትንፋሽ ነው። ከቅድሙ ይልቅ አሁን ነው የፈራሁት። ቅድም መርዶ ነጋሪ የመሰልኩት በስህተት ነው፤ አሁን ግን ይህን ቁጥር ስደውል በእውነት ልሆን እችላለሁ።

ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ሁለት ጊዜ አጣርቼ ነካሁ። ድምፁን ሁሉም እንዲሰማ ከፍ አደረግሁት። ጠራ። ጠራ። ጠርቶ ተቋረጠ።

እማማ ዘነበች ዋንዛውን ተደገፉ። “ድገሚው” አሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው።

ደገምኩት። ጠራ። በአራተኛው አንድ ነገር ተከፈተ፤ የውኃ መሳቢያ ሞተር ዱም ዱም ይላል፣ ንፋስ ይነፍሳል፣ ሰው ግን አይናገርም።

“ሄሎ” አለ በመጨረሻ ጎርናና ድምፅ።

“ታምራት ነህ?”

“ነኝ። ማን ልበል?”

እማማ ዘነበች ዓይናቸውን ገለጡ። አሁን እኔ መናገር ነበረብኝ። የማላውቀው ሰው ነው፣ ሊደነግጥ ይችላል፤ ስለዚህ በለሆሳስ፣ ቃሌን መርጬ፣ እውነቱን ብቻ ነገርኩት።

“አይዞህ፣ አትደንግጥ። የምደውልልህ ከእናትህ ቤት ነው። ጎረቤቶች ሁሉ ተሰብስበው እዚህ ከእኔ ጋር ናቸው።”

አስካለች በመዳፏ ግንባሯን መታች። ከስልኩ የወጣውን ጩኸት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

“እማዬን! መቼ? መቼ ሞተች?”

እማማ ዘነበች ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ። ያ ሁሉ ድካም የት እንደገባ እግዜር ይወቅ።

“እኔ ነኝ!” አሉ።

“ማን ነሽ?” እያለቀሰ ነው።

“እናትህ ነኛ! ማን አባቱ ነው ሞተች ያለህ? ቆሜ ነው የማናግርህ!”

“እማዬ?”

“አቤት!”

“እማዬ… ቁጥሬን ልኬልሽ አልነበር? ሁለት ወር ሙሉ ስልኬን ከእጄ ሳላወጣ ስጠብቅሽ… ለምን አልደወልሽም?”

እማማ ዘነበች ስልኩን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ያዙት። ከኋላችን አስካለች ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ ውኃ የቀዱት ሴቶች፤ ከዚያ ጋሽ ኢሳያስ ባርኔጣቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። እኔም አለቀስኩ፤ በጥቁር እጄ ፊቴን እያጠቆርኩ። ጉብታው በለቅሶ ተሞላ።

“እማዬ” አለ ታምራት፤ ድምፁ ፈራ። “አንቺ ካለሽ፣ የሚያለቅሱት እነማን ናቸው?”

እማማ ዘነበች ዞረው አንድ በአንድ አዩን።

“ጎረቤት ነው። ላንተ ነው የሚያለቅሱት።”

“ለእኔ? እኔ ምን ሆንኩ?”

“ዛሬ ጠዋት ሞተህ ነበር” አሉት። “አሁን ደኅና ነህ። ተነሥና ና።”